በጌታ ፊት የገረጣው ቅጠል

አንድ ገዥ ነበር፤ ካለው ሁሉ አብልጦ ደኑን ይወድ ነበር። በዚያ ደን ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ፀሐይ በወንፊት እንደሚወርድ ዱቄት ትንሽ ትንሽ በምትደርስበት ጥላ ኮረሪማ ይበቅል ነበር። አንድ በጋ እሳት ገባ። ዛፎቹን ለብልቦ አለፈ፤ ከሥራቸው ያለውን ግን ጠራርጎ በላው። በአገሩ ሁሉ የኮረሪማ ዘር የተረፈው በአንድ አትክልተኛ ቤት፣ በአንዲት ቅል ውስጥ ብቻ ነበር።

አትክልተኛው አንዳርጌ ይባላል፤ ሚስቱ ትጓደድ ትባላለች። ገዥው ለባልና ሚስቱ በወንዝ ዳር ቤትና መሬት ሰጥቶ፣ ችግኝ አፍልተው ደኑን መልሰው እንዲያለብሱለት አዘዘ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ እየመጣ ያያል። ችግኙ ካማረለት ወደ ደን ይገባል። እስከ ሦስተኛው ዓመት ካላማረለት ግን ቤቱም መሬቱም ለሌላ ሰው ይሰጣል። በዚህ ተስማሙ፤ ጌታና ሎሌ ተስማሙ ከተባለ።

አንዳርጌ ሥራውን ያውቅበት ነበር። ዘሩን በአመድ አሽቶ ዘራው። መሬቱን በመደብ በመደብ ከፋፈለው። ኮረሪማ የጥላ ልጅ ነውና በመደቦቹ ላይ እንጨት አጋድሞ፣ ሣር አልብሶ ዝቅ ያለ ዳስ ሠራላቸው። ችግኞቹም አማሩ፤ አረንጓዴነታቸው ወደ ጥቁር እስኪያደላ ድረስ ጠገቡ። አንዳርጌ በመካከላቸው ሲመላለስ ያወራቸው ነበር። አንዱን ሰነፉ ይለዋል፣ አንዷን አልቃሻዋ፣ ከውሃ መውረጃው አጠገብ የቆመውን ወፍራሙን ችግኝ ደግሞ አለቃው። ትጓደድ ከደጃፍ ሆና ትሰማውና ለእሷ ያልተረፈ ወሬ ለቅጠል እንደተረፈ ትናገራለች። ይህን የምትለው ግን እየሳቀች ነው።

ሰውየው አንድ ጉድለት ነበረበት። ከእሱ ከፍ ያለ ሰው ፊት ሲቆም ቃል ያልቅበታል። ደሙ ከፊቱ ይሸሻል፣ ከንፈሩ ይነጣል፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ያየው ሁሉ ወይ ደደብ ነው ወይ ሌባ ነው ብሎ ይሄዳል።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ሥርዓት ነበር፦ ጌታ ፊት የሚቀርብ ነገር ክዳን የለውም። ሰው ወደ ጌታ ሲቀርብ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል። መሶቡ ይከፈታል፤ የማሩ እንስራ አፉ ይፈታል፤ ሙሽራም ብትሆን ፊቷን ትገልጣለች። የተሸፈነ ነገር ተንኮል አለበት ይባላል። ስለዚህ ገዥው ችግኝ ሊያይ ሲመጣ አጋፋሪው፣ የእልፍኙን ሥርዓት የሚጠብቀው ሹም ማለት ነው፣ ረፋድ ላይ ቀድሞ ይደርስና ዳሱን በሙሉ ያስነሣል። ጌታው ቀትር ላይ ሲደርስ ችግኞቹ እንደ ሥርዓቱ ተገልጠው፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግተው ይጠብቁታል።

በመጀመሪያው ዓመት ገዥው መጥቶ አየ። ቅጠሎቹ ገርጥተዋል። እንዲህ ያለ የታመመ ነገር ደኑ ውስጥ እንደማይገባ ተናግሮ ሄደ። በሁለተኛውም ዓመት መጣ። ገርጥተዋል። ጠዋት ጥቁር አረንጓዴ እንደነበሩ የሚመሰክር ጎረቤት ነበር፤ ግን ጌታ ያላየውን ጠዋት ማን ይቆጥራል? ገዥው አንዳርጌን ምን እያጠጣ እንዲህ እንዳደረጋቸው ጠየቀው። አንዳርጌ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ከገረጡት ችግኞች ጎን እሱም ገርጥቶ ቆመ። ገዥው ሁለቱን አንድ ላይ አየና፣ ጥፋት ባይኖርበት ኖሮ ይናገር ነበር ብሎ በልቡ ፈረደ። የብዙ ጌቶች ፍርድ ይህ ነው፤ የፈራውን ሰው ከበደለኛው አይለዩትም።

ነገሩን የደረሰችበት ትጓደድ ናት። በሁለተኛው ዓመት ገዥው በመጣበት ቀን፣ በግርግሩ መሐል ሰፌዷን መደቡ ላይ አስቀምጣ ረስታው ነበር። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብታነሣው በሰፌዱ ልክ የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ክብ አየች፤ ዙሪያው በሙሉ ገርጥቷል። መጀመሪያ አማተበች። በማግስቱ ዳሱን ከአንድ ጎን ገለጥ አድርጋ ሰፌዱን ሌላ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ቀጥላ የባሏን ቆብ አስቀመጠች። በሦስተኛው ቀን በአንድ ሰፊ ቅጠል ላይ መቀነቷን ጣል አደረገች፤ ስታነሣው በቅጠሉ ላይ መቀነት የሚያህል ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ዳሱን ስትመልስላቸው ደግሞ ጥቂት ቆይተው ሁሉም እንደ ቀድሞው ይሆናሉ። ጊዜውንም ለካችው። ለመገርጣት አንድ ድስት ጎመን እስኪበስል ይፈጅባቸዋል። ለመመለስ ጎመኑ ወጥቶ እስኪበርድ ይጨምራሉ።

ለባሏ ብትነግረው ድሮ ያውቀዋል።

«ፀሐይ ሲበረታባቸው ገለል ይላሉ» አላት፤ «ጥላው ሲመለስ ይመጣሉ። ልጅ ሆኜ ደን ውስጥ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጌታው ያልነገርከው ምን ይዞህ ነው?»

«ልነግረው ነበር።»

«መቼ?»

አንዳርጌ የውሃ ቅሉን አንሥቶ ወደ መደቦቹ ሄደ። ያን ዓመት ግን ንግግሩን አዘጋጀ። ለችግኞቹ ተናገረው፤ ለአጥሩ ተናገረው፤ ጠዋትና ማታ ለላሚቱ ተናገረው። ላሚቱ ራሷ በቃሏ ይዛዋለች ብላ ትጓደድ ትምል ነበር። እሷም በበኩሏ ወደ አጋፋሪው ሄዳ ዳሱ እንዳይነሣ ለመነችው። አጋፋሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ማሳመን ደግሞ ክፉውን ከማሳመን ይከብዳል። አያቱም አባቱም በዚያው ሹመት እንደኖሩ፣ ለቅጠል ተብሎ ጌታ ፊት ክዳን ተዘርግቶ እንደማያውቅ በትሕትና ነግሮ መለሳት።

ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። ረፋድ ላይ ዳሱ ተነሣ። ቀትር ላይ ገዥው መጣ፤ አጋፋሪው ከኋላው ሰፊውን የክብር ዣንጥላ ይዞለታል። ገዥው በመደቦቹ ራስጌ ቆሞ አየ። ገርጥተዋል። ቃል ካለው እንዲናገር አንዳርጌን ጠየቀው።

«ጌታዬ» አለ አንዳርጌ። እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ላሚቱ ብቻ ታውቀዋለች።

ገዥው ፈረደ። መደቦቹ በማግስቱ እንዲነቀሉ፣ ባልና ሚስቱም ቤቱን እንዲለቁ አዘዘ። በቅሉ ውስጥ አንድም ዘር አልቀረም ነበር፤ መደቦቹ ከተነቀሉ የአገሩ ኮረሪማ በዚያው አለቀ ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት ግን ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

ያኔ ትጓደድ በርጩማ ይዛ ወጣች። በሁለቱ መደቦች መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ አስቀመጠችው። መሬት ስማ ተነሣችና ለባሏ ጠበቃ ሆና እንድትቆም ለመነች። በዚያ አገር ከጌታው በላይ የሆነ አንድ ሕግ ነበር፦ ዳኛ አንዴ ለመስማት ከተቀመጠ፣ ተሟጋቹ ቃሉን ሳይጨርስ አይነሣም። ገዥው ሕጉን ያከብር ነበር። ደግሞም መንገድ አድክሞት ነበር። ተቀመጠ። አጋፋሪው ዣንጥላውን ከበላዩ ዘረጋለት፤ ከጌታው ቀኝና ግራ ያሉትም ችግኞች አብረው ጥላው ሥር ገቡ።

ትጓደድ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎመኑ በስሎ፣ ወጥቶ፣ እስኪበርድ ድረስ ጌታውን ሳታስነሣ ማውራት። ነገሩን በአፏ ብቻ ብትነግረው እንደማያምናት ታውቃለች። ጌቶች ስለ በረዶና ስለ ትል በየዓመቱ ሰበብ ሲሰሙ ጆሯቸው ደንድኗል። ቅጠሎቹ ራሳቸው እስኪመሰክሩ መቆየት ነበረበት።

ከአባቷ ቤት ጀመረች። አንዳርጌ ሊያጫት ሽማግሌ ይዞ የመጣ ቀን፣ አባቷ ስሙን ቢጠይቁት ስሙ ጠፍቶበት ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዳስታወሰው ተናገረች። አባቷም በሰርጉ ማግስት፣ ልጄን ለማን እንደሰጠሁ የማውቀው በሌላ ሰው ምስክርነት ነው እያሉ ይስቁ እንደነበር ጨመረች። ከዚያ ወደ እሳቱ ዘመን አለፈች። ሰው ሁሉ ከደኑ ሲሸሽ አንዳርጌ ወደ ውስጥ ሮጠ። ሲመለስ ቅንድቡ የለም፤ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቆቡ ግን በኮረሪማ ፍሬ ተሞልቷል። ከዚያም ወደ አመዱ፣ ወደ ዘሩ፣ ወደ ውሃው መጣች። ከወንዙ እስከ መደቡ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰውየው ማን ሰመጠ ማን ተረፈ ብሎ ከአልጋው እንዴት እንደሚነሣ፣ ሁሉንም በተራ አወራች።

እሷ ስታወራ በቅጠሎቹ ውስጥ ምን ይሆን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ቅጠል በዓይን ሲያዩት አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን እጅግ ብዙ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። በየክፍሉ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ በብዙ እጥፍ ያነሱ አረንጓዴ ቅንጣቶች አሉ። የቅጠሉን ምግብ ከብርሃን የሚያዘጋጁት እነሱ ናቸው፤ አረንጓዴውም የእነሱ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች አንድ ቦታ ተተክለው አይኖሩም፤ ይሄዳሉ። ብርሃኑ ሲሳሳ የተገኘችውን ሁሉ ለመቀበል ወደ ክፍሉ ፊት ወጥተው ይደረደራሉ። ብርሃኑ ሲበረታ ከፊት ይሸሹና ከጎን ባሉት ግድግዳዎች ላይ ይለጠፋሉ። ያኔ መሐሉ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ወደ ታች ያልፋል፣ ቅጠሉም ገርጥቶ ይታያል።

መንገዱን የሚነግሯቸው በየክፍሉ ያሉ ጠባቂዎች ናቸው። ጠባቂዎቹ ቀዩን ብርሃን እንዳላዩ ያሳልፉታል፤ ሰማያዊውን ግን ያውቁታል፣ ብርታቱንም ይመዝናሉ። ሁለት ዓይነት ናቸው። ብርሃን ሲያንስ ሁለቱም ቅንጣቶቹን ወደ ፊት ይጠራሉ። ሲበዛ ገለል በሉ የሚለው ግን በተለይ አንደኛው ነው። ይህ ጠባቂ የጎደለው ቅጠል ብርቱ ፀሐይ ሲመጣበት አይገረጣም፤ አምሮበት ይቆምና አምሮበት ይቃጠላል።

ወደ ትጓደድ እንመለስ። የችግኞቹ ስም ላይ ደርሳለች። ሰነፉን አስተዋወቀች፤ አልቃሻዋን አስተዋወቀች። አለቃው ላይ ስትደርስ ገዥው ሳያስበው ሳቀና የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። በቀኝ ጉልበቱ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ የቆመውን ወፍራም ችግኝ አሳየችው። የአጋፋሪው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

«ጌታው አጋፋሪ፣ ዣንጥላውን አያዘንብሉት» አለችው፤ «ፀሐይ ጌታችንን ይነካል።»

አጋፋሪው ደንግጦ አቃናው።

ገዥው በመጨረሻ ሰለቸ። «አንቺ ሴት፣ ይህ ሁሉ ከቅጠሉ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«እየደረስኩ ነው ጌታዬ። ገና ወንዙን እየተሻገርኩ ነው።»

ወንዙን ቀስ ብላ ተሻገረች። ከዚያ አለቃውን አየት አደረገችና ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ቃሌን ጨርሻለሁ። አሁን ይነሡና የተቀመጡበትን ዙሪያ ይዩ።»

ገዥው ተነሥቶ አየ። ዣንጥላው ባጠላበት ቦታ ሁሉ ቅጠሎቹ ጠቁረው፣ ጠግበው ቆመዋል። የክቡ ጠርዝ ትንሽ ፈዘዝ ብሏል፤ ፀሐይ ትሄዳለችና። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ እንደገረጣ ነው። አንድ ችግኝ ጠርዙ ላይ ነበር፤ ግማሹ ጤነኛ፣ ግማሹ በሽተኛ መስሎ ቆሟል። ገዥው ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ቅጠል በጣቱ ፈተገው፤ ጣቱ ላይ የቀረ ቀለም የለም።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ» አለች ትጓደድ። «ሊያዩአቸው ሲመጡ ዳሱ ይነሣል፤ ዳሱ ሲነሣ ይገረጣሉ። ሦስት ዓመት ያዩት በሽታ የራስዎን መምጣት ነው።»

አጋፋሪው ዣንጥላውን ቀስ ብሎ አጠፈው። ሦስት ዓመት ያከበረ መስሎት ያስፈረደው እሱ ነበርና አንገቱን ደፋ።

ገዥው ዞሮ አንዳርጌን አየው። ትከሻው ራቁቱን፣ ኩታው ወገቡ ላይ እንደታሰረ፣ ከንፈሩ ነጥቶ ቆሟል። ገዥው ሊጠይቀው አፉን ከፈተና ተወው። ዳሱ እንዲመለስ አዘዘ። ዳሱ ሲመለስ ተከታዮቹን ሁሉ ወደ ወንዙ ዳር ላካቸው፤ ካባውንም አውልቆ ለአጋፋሪው ሰጠው። ጎንበስ ብሎ ከዳሱ ሥር ገባና መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዳርጌንም ኩታውን ትከሻው ላይ እንዲመልስና አጠገቡ እንዲቀመጥ በእጁ ምልክት ሰጠው።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ገዥው ምንም አልጠየቀም፤ አንዳርጌንም አላየውም፤ ቅጠሎቹን ብቻ ያያል። ሌላ ድስት ጎመን በስሎ የሚወጣበት ጊዜ አለፈ። በሣሩ መሐል በምትገባው ጭላንጭል ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ጠቆሩ። በአንዳርጌ ፊት ላይ ደም ተመለሰ። ጉሮሮውን ጠረገ። ትጓደድ ከዳሱ ውጭ ሆና ጆሮዋን ወደ ሣሩ አስጠጋች።

«ጌታዬ» አለ አንዳርጌ፤ «የአለቃው ቅጠል ላይ ተቀምጠዋል።»

ገዥው ከተቀመጠበት ፈንጠር አለ። ከዚያ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። አንዳርጌም ቅጠሉን በመዳፉ አቃንቶ አቧራውን እያራገፈ፣ ወፍራም ችግኝ እንዴት እንደሚተከል ማስረዳት ጀመረ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አላቆመም። ትጓደድ እራት ይዛ ስትመጣ እንኳ ገና ስለ ሥሩ ነበር። ሃያ ዓመት አብራው ኖራ ያልሰማችውን ያህል በአንድ ቀን ስለሰማች፣ አሁን ደግሞ ዝም የሚያሰኝ ጠበቃ ሆኖ ማን ይቆምልኛል ብላ አማረረች።

በሚቀጥለው ክረምት ኮረሪማው ወደ ደኑ ገባ። አጋፋሪው ሥርዓቱን ሁሉ እንደያዘ ኖረ፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመረበት፦ ለቅጠልና ለዓይነ አፋር ሰው ክዳን ይፈቀዳል።

እንግዲህ የታሪኩ ፍሬ ይህ ነው። ብርሃኑ የበረታ ሰው፣ ሹም ይሁን፣ አባት ይሁን፣ መምህር ይሁን፣ መጽሐፍ ብዙ ያነበበች አሮጊትም ትሁን፣ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ገርጥቶ ያገኘዋል። ከዚያ ትውልዱ ደነዘዘ፣ ልጁ ፈዘዘ ብሎ ይፈርዳል። የፈዘዘው ግን አረንጓዴውን አልጣለም፤ እንዳይቃጠል ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይዞታል። ገለል በማለቱም ብርሃኑ ከሥሩ ላለው እንዲደርስ መንገድ ይለቃል፤ አንዳርጌ ባይገረጣ ኖሮ የትጓደድን አንደበት ማን ይሰማ ነበር? ግን ግድግዳ ላይ መኖር ለአንድ ቀትር ነው እንጂ ለዕድሜ አይሆንም። ዳሱ ተነሥቶ ያልተመለሰባቸው ቤቶች አሉ። ልጆቹ ጥግ ይዘው አድገው፣ አንድ ቀን በሩን አግኝተው ሄደዋል። ወላጆቻቸው ይህ ልጅ ዝምተኛ ነበር ይላሉ እስከ ዛሬ። ልጁ አሁን ባለበት አገር ወሬው አያልቅም።

እስቲ አስቡት፦ እናንተ ወደ ቤት ስትገቡ ፊቱ የሚገረጣው ማን ነው? ካባችሁን አውልቃችሁ፣ ምንም ሳትጠይቁት፣ ጎመን እስኪበስል ያህል አጠገቡ የተቀመጣችሁትስ መቼ ነው?